ጆሮ ጠቢው ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ፤ ከሳሽስ የት ይግባ?

ጎበዝ፣ የድሮው ጆሮ ጠቢ ቢያንስ መልክ ነበረው። ጠጅ ቤት ጥግ ይዞ በአንዲት ብርሌ ሲያመሽ አባቶቻችን በዓይን ተጠቃቅሰው ወሬ ይቀይሩ ነበር። የዛሬው በኢሜይል ነው የሚመጣው።

«ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የቀረበውን ክስ የምታስታውሱት ትኖራላችሁ። ሰውዬው ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካ ዜጋ ነው። በክሱ እንደተገለጸው፣ ከኢሜይል ጋር የተያያዘ ሰነድ ከፈተ፣ በቃ! ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ፕሮግራም ገብቶ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2005 ዓ.ም. የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ከረመ። በየካቲት 2006 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በመጋቢት 2009 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሩን ዘጋበት። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመምና የውጭ መንግሥት አይከሰስም ተባለ። ሰላዩ አልጋው ሥር ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ሊከሰው ይችል ነበር ማለት ነው!

እሺ፣ አሜሪካ ካልሆነ የት ይከሰስ? አዲስ አበባ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የምናደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። በሰኔ 2007 የጣሊያኑ የስለላ ፕሮግራም ሻጭ የሃኪንግ ቲም ምስጢር ሲዘረገፍ ግን የእኛው ኢንሳ ከደንበኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ሒሳቡ ከማን ኪስ እንደወጣ መቼም አትጠይቁኝም።

«ያ የኢሕአዴግ ዘመን ነው፣ አለፈ» የሚሉኝ አሉ። ኢሕአዴግ ፈርሷል፣ ኢንሳ ግን አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ስልክ ቁጥሬን ለማስታወቂያ የሚሸጠው ነጋዴ ሳይሆን ስልኬን የሚያዳምጠው ባለሥልጣን ነው።

የወንጀለኛ ስልክ አይጠለፍ አላልኩም። ዳኛ ይዘዝ፣ ቀነ ገደብ ይኑረው። ምርመራው ሲያልቅም ሰውየው «ይህን ያህል ጊዜ ሰምተንሃል» ተብሎ ይነገረው፤ ያለ አግባብ ከሆነ እዚሁ አገሩ ላይ ከስሶ ካሣ ይቀበል። የተወካዮች ምክር ቤትም በየዓመቱ የስንት ሰው ስልክና ኮምፒዩተር እንደተጠለፈ ጠይቆ ቁጥሩን ለሕዝብ ያውጣ። ኪዳኔ መሰለሉን ያወቀው ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ዱካ ጥሎ ስለተገኘ ነው። ዱካ ያልተገኘላቸው ስንቶች ናቸው?