ለከረመ ጠጅ የሚጠየቀው ዋጋ ለማን ነው?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚገኙት ጠጅ ቤቶችና ቡና ቤቶች አንዳንዶቹ «የከረመ ነው» ለሚሉት አንድ ብርሌ ጠጅ ከተራው እጥፍ ይጠይቃሉ። ለምን ቢባሉ መልሳቸው አጭር ነው፤ «ከርሟል» ይላሉ። የእኛም ጥያቄ ከዚሁ ላይ ይነሣል። መክረም ዋጋ አለውን? ካለውስ ስንት ነው? ገንዘቡንስ ሊቀበል የሚገባው ማን ነው? ነገሩ የመጠጥ ነገር ስለሆነ ቀላል የሚመስላችሁ ጓደኞቻችን ጥቂት ታገሡን፤ ክርክሩ ከብርሌው አልፎ ከጠጅ ጣይዋ ጓዳ ድረስ ይገባልና። (አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፤ ታናናሾቻችን ይህን ጽሑፍ እንደ ሒሳብ ትምህርት ይዩት።)

አስቀድመን ቢራን እናንሣ። በውጭ አገር የሚያስከርሙት ቢራ መኖሩ እውነት ነው። ቤልጂጎች ላምቢክ የሚሉትን ቢራ በእንጨት በርሜል አስቀምጠው የአንድ፤ የሁለትና የሦስት ዓመቱን እያደባለቁ ይሸጡታል። በእንግሊዝ አገርም በ1968 እ.ኤ.አ. በደራሲው በቶማስ ሃርዲ ስም የተጠመቀ ኀይለኛ ቢራ ነበር፤ ገዢዎቹ ለዓመታት ያስቀምጡት ነበር። እነዚህ ግን አንዱ በአልኮሉ ብርታት፤ ሌላው በኮምጣጣነቱ ለመክረም ታስበው የተሠሩ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አገራችን የለመደችው ቢራ እንዲህ ያለ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሣ ሣጥን ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፤ በሙቀት ውስጥ በሰነበተ መጠን ጣዕሙ የረጠበ ካርቶን ወደ መምሰል ይሄዳል፤ ፀሐይ የመታው እንደ ሆነም ሽታው ይለወጣል። ስለዚህ ላረጀ ቢራ ዋጋ መጨመር ቀርቶ መቀነስ ይገባ ነበር። አረቄም ቢሆን በጠርሙስ ውስጥ አይከርምም። አረቄን የሚያበስለው እንጨት ነው፤ በጠርሙስ ዐሥር ዓመት የተቀመጠ አረቄ ዐሥር ዓመት አቧራ የጠገበ አረቄ ነው።

ጠጅ ግን ሌላ ነው። ማሩ በውሃ ተበርዞ፤ ጌሾው ገብቶበት በሁለትና በሦስት ሳምንት ለመጠጥ ይደርሳል። አፉ በደንብ ታሽጎ ቢቀመጥ ጣፋጭነቱ እየቀነሰ፤ እየደረቀና እየበረታ ይሄዳል። ይህን የሚወድ ሰው ተጨማሪ ቢከፍል አንነቅፈውም። ችግሩ ዕድሜ በወር ብቻ የማይቈጠር መሆኑ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከበሳው ዋሻ አፍ ላይ ጉም የማይጠፋበት አገር ነው። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ተጠማዝዛችሁ ስትወርዱ ሸዋ ሮቢትን የምታገኟት ወደ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ነው። በላይኛው ብርድ አንድ ዓመት የተቀመጠ ጋንና በታችኛው ሙቀት አንድ ዓመት የተቀመጠ ጋን አንድ ዓይነት ዓመት አላሳለፉም። ሙቀቱ ፍላቱን ያፈጥነዋል፤ አየር የገባበትን ጠጅም ቶሎ ወደ ኮምጣጤ ይወስደዋል። ስለዚህ «የዓመት ጠጅ ነው» የሚለን ባለ ቤት የት የከረመ እንደ ሆነ ካልነገረን ግማሹን ብቻ ነው የነገረን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቍጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንዲት ጠጅ ጣይ ለማር፤ ለጌሾና ለማገዶ 20,000 ብር አውጥታ 100 ሊትር ጠጅ ጣለች እንበል። ሊትሩ 200 ብር ፈጀባት ማለት ነው። ይህንኑ ጠጅ ለአንድ ዓመት ብታስቀምጠው ገንዘቧ ታስሮ ይቀመጣል። በመቶ 15 ወለድ ብናስብለት 20,000ው 23,000 ይሆናል። አምቡላው ሲወጣና ሲተን ከ100 ሊትሩ 90 ቢቀር፤ ሊትሩ ወደ 256 ብር ይደርሳል። ከዐሥር ጋን አንዱ ኮምጥጦ ቢጣል ደግሞ የቀሩት ዘጠኙ የእርሱን ኪሣራ ሊሸከሙ ነውና ሊትሩ 284 ብር ግድም ይገባል። እንግዲህ የመክረም ዋጋ ማለት ይህ ነው፤ 84 ብር። ጠጅ ቤቱ ለኪራይ፤ ለግብር፤ ለአሳላፊ ደመወዝና ለትርፍ በሊትር 100 ብር ቢጨምር አዲሱን በ300፤ የከረመውን በ384 ሊሸጥ ይገባዋል። ለጋስ ሆነን 400 እንበልለት። እጥፉን፤ ማለት 600 ብር የጠየቀን እንደ ሆነ 200 ብሩ የምን ዋጋ ነው?

ባለ ቤቱ መልስ አያጣም። «ገበያ ነው፤ ያልፈለገ አይግዛ» ይለናል። ገበያ የሚባለው ግን ገዢው ነገ ተመልሶ የሚመጣበት ነው። በይፋት ቆላ ብዙ ሙስሊም ሕዝብ አለ፤ መጠጥ አይቀምስም። የመንገዱ ዳር ጠጅ ቤት ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ሾፌርና መንገደኛ ነው። ይህ ሰው ተታሎ እንደ ሆነ የሚያውቀው ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ለአንድ ብርሌ ብሎም ወደ ኋላ አይመለስም። በሰፈር ጠጅ ቤት ግን ባለ ቤቱ እንዲህ ቢያደርግ በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የ84 ብሩ ነገር ነው። ያ ገንዘብ የትዕግሥት ዋጋ ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ ገንዘብ ያለው ሰው ዕቃ ነው። ጠጅ የምትጥለው ሴት የቤት ኪራይ አለባት፤ የልጆች ደብተር አለባት። ጠጁ በሦስተኛው ሳምንት እንደ ደረሰ ትሸጠዋለች እንጂ ዓመት ልትጠብቅ አትችልም። ጋኑን ገዝቶ የሚያስከርመው ባለ ገንዘቡ ነው። በእርግጥ ዓመቱን ሙሉ ገንዘቡን አስሮ፤ የመኮምጠጡን አደጋ ተቀብሎ የጠበቀ ከሆነ 84 ብሩ ይገባዋል፤ አንከራከርም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ከእርሷ የገዛውን አዲስ ጠጅ ከአሮጌው ጋን ትራፊ ጋር ቀላቅሎ ሁሉንም «የከረመ» ብሎ የሚሸጠው ማንን ጠበቀ? በስኳር የተበረዘ ሲሆንማ የማሩንም ዋጋ፤ የዓመቱንም ዋጋ ባልነበረ ነገር ላይ ተቀበለ።

ስኮትላንዶች ለዚህ ዓይነቱ ቅልቅል ሕግ አላቸው። በውስኪያቸው ጠርሙስ ላይ ዕድሜ ከተጻፈ የሚጻፈው በቅልቅሉ ውስጥ ያለው የትንሹ ዕድሜ ነው፤ ከሃያ ዓመቱ ጋር የዐሥር ዓመት ጠብታ ከገባበት ዐሥር ይባላል። ይህን ሕግ ለጠጅ ለማዋል ፓርላማ መሰብሰብ አያስፈልግም። ጋኑ ላይ በጠመኔ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ የተጣለበት ቀን፤ ያስከረሙበት ቦታና የጣለችው ሴት ስም። አዲስ ከተጨመረበት ቀኑ ይለወጥ። ስሟ የተጻፈ ጠጅ ጣይ በስሟ ትታወቃለች፤ የታወቀችም በሚቀጥለው ጊዜ ዋጋዋን ከፍ አድርጋ ትከራከራለች። ሁለተኛው ቅምሻ ነው። በቀድሞ ዘመን አሳላፊ መጠጡን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ ያ የመርዝ ሥጋት ነበር። ዛሬ መዳፉን የሚዘረጋው ከፋዩ ይሁን። የከረመ ደረቅ ጠጅና በስኳር የጣፈጠ የሳምንት ብርዝ አንድ ጉንጭ ላይ ይለያያሉ፤ ለዚህ የላቦራቶሪ ዕቃ አያሻም።

ጠመኔ ለመግዛት የሚቸገር ጠጅ ቤት ያለ አይመስለንም። ቀኑን ለመጻፍ እምቢ የሚል ካለ ግን የተራውን ዋጋ ከፍለነው የተራውን እንጠጣለን። በመጪው ዕረፍት በዚያ መንገድ የምትመላለሱ ጓደኞቻችን የተነገራችሁን ዕድሜ፤ የተጠየቃችሁትን ዋጋና ቦታውን ጽፋችሁ ለመጽሔቱ ጽሕፈት ክፍል ብታደርሱን፤ የደብረ ሲናውንና የሸዋ ሮቢቱን ጎን ለጎን አድርገን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።