ሚሊሜትር ብቻውን አይመሰክርም

«ከ7 ሚሊሜትር በታች የሆነ የአንጎል ደም ሥር እብጠት አይፈነዳም፤ ስለ ቅርጹ ማውራት ትርፍ ድካም ነው» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የማስረጃውን ግማሽ ብቻ ነው ያመጣው።

የ7 ሚሊሜትሩ ቁጥር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት መጽሔት ላይ በወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት ነው። እዚያ በ5 ዓመት ውስጥ የመፈንዳት ዕድሉ ዜሮ የተባለው ግን እብጠቱ በፊተኛው በኩል ባለ የአንጎል ደም ሥር ላይ ሆኖ፣ ሰውየውም ከዚያ በፊት ሌላ ፈንድቶበት የማያውቅ ከሆነ ነው። እዚያው ሠንጠረዥ ላይ፣ በኋለኛው በኩል ያለው ትንሽ እብጠት 2.5 በመቶ ተጽፎለታል። ይህን ረድፍ ለምን እንደዘለለው እሱ ያውቃል።

ቅርጹስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የጃፓን ጥናት 5,720 ሕሙማንን ተከታትሏል። ከእብጠቱ ጎን ሌላ ትንሽ ጉብታ፣ ሐኪሞች «የልጅ ከረጢት» የሚሉት ካለ፣ የመፈንዳት አደጋው 1.63 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህም መጠኑና ቦታው በስሌቱ ከገቡ በኋላ ነው። ሳይፈነዳ የታየ ምልክት ነውና ከቁም ነገር ይቆጠራል።

አንድ ነገር ልቀበለው። ብዙዎቹ የቅርጽ ጥናቶች የፈነዳውን ካልፈነዳው ጋር ያወዳድራሉ፤ እብጠቱ ደግሞ ሲፈነዳ መልኩ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የእብጠቱ ቁመትና የአንገቱ ስፋት ንጽጽር ትንቢት አይደለም። ሕክምናውም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው፤ ጉብታ የታየበት ሁሉ ቢላ ሥር ይግባ ያለ የለም። ግን ደም ግፊት ያለባትን፣ እብጠቷ 5 ሚሊሜትር ሆኖ ጎኑ የጎበጠባትን ሴት «ትንሽ ነው፣ ይርሱት» ብሎ ያለ ክትትል ማሰናበት በየትኛው ጥናት ተፈቀደ?