ካቢና ውስጥ መክረም

ፈረንጅ መኪናውን ቤቱ አድርጎ ሲዞር «ነፃነት ማለት ይሄ ነው!» እንላለን፤ ፎቶውን አይተንም እንቀናለን። የኛ የከባድ መኪና ሹፌርስ? ክረምቱን የሚገፋው ከወንበሩ ጀርባ ባለች ጠባብ አልጋ ነው፤ ረዳቱ ደግሞ ጭነቱ ላይ፣ ሸራ ለብሶ። ልብሱ አይደርቅለት፣ ጫማው አይደርቅለት። ከአንበሳሜ እህል ጭኖ በሐሙሲት ሲመጣ፣ ባሕር ዳር ላይ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ይቀበለዋል። እሰየው! ግን ከድልድዩ በኋላስ? ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ደጀን ላይ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከነጭጋጉ ይጠብቀዋል፤ የሚነዳው ደግሞ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ነው። እኛ ግን ጠዋት አስፋልት ዳር ሲሸና አይተን «ብልግና!» እንላለን። ጎበዝ፣ መጀመሪያ በየከተማው ሽንት ቤት፣ ውሃና ዘበኛ ያለው መቆሚያ ይሠራለት፤ ሐሜቱ ይደርሳል።