ሰባኪውን ሰባክያን ሲዳኙት

በዲሴምበር 21 ቀን 1832 ዓ.ም. ጧት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ቲቨርተን በተባለች የገጠር ቀበሌ፣ ጆን ደርፊ የተባለ ገበሬ ወደ እርሻው ወጥቶ ሳለ፣ ለድርቆሽ መከመሪያ ከተተከለ እንጨት ላይ በገመድ ታንቃ የሞተች የ30 ዓመት ሴት አገኘ። ሣራ ማሪያ ኮርኔል ትባላለች፤ በአቅራቢያው ባለችው የፎል ሪቨር ከተማ በጥጥ ፋብሪካ በሸማኔነት የምታገለግል፣ የሜቶዲስት ማኅበር ተከታይ ነበረች። ሬሳዋ ሲመረመር ነፍሰ ጡር ሆና ተገኘች፤ ዕቃዋም ሲፈተሽ፣ የደረሰችበት ቢጠፋ የብሪስቶሉን ቄስ አቨሪን እንዲጠይቁ የሚያሳስብ በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ወጣ።

ኤፍሬም አቨሪ የሜቶዲስት ሰባኪ፣ ባለ ሚስትና የልጆች አባት ነበር። ነፍስ በማጥፋት ተከሶ በኒውፖርት ከተማ ከሜይ 6 ቀን እስከ ጁን 2 ቀን 1833 ዓ.ም. ድረስ ተሟገተ፤ ወደ 200 የሚጠጉ ምስክሮች ተሰሙ፤ ከኒው ኢንግላንድ ጠበቆች ሁሉ የታወቀው፣ ቀድሞ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበረው ጀረማያ ሜሰን ቆመለት፤ በመጨረሻም በነፃ ተለቀቀ። የዘመኑ ሕግ ተከሳሽ ስለ ራሱ ምስክርነት እንዲሰጥ አይፈቅድም ነበርና፣ ያን ያህል ሰው ሲናገር የሰነበተበት ችሎት የአቨሪን ቃል ሳይሰማ ተነሣ። ገዳይዋ ማን ነው፣ ወይስ ራሷን አጠፋች የሚለው ክርክር ብዙ መጻሕፍት የተጻፉበት ነውና እኔ በዚያ አልገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ ከዚያ ችሎት በፊትም በኋላም፣ በሁለቱ ልጆቿ ላይ የፈጸመችው ሥርዓተ ተግሣጽ ነው።

የሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በ1784 ዓ.ም. በልደት ሰሞን በባልቲሞር ከተማ የተመሠረተች ስትሆን፣ በፈረስ እየዞሩ በሚያስተምሩ ሰባክያን ትጋት ግማሽ ምእት ዓመት ሳይሞላት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ምእመናን አፍርታ ነበር። ሰባኪው በአንድ ሥፍራ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይቀመጥ ደንብ ተሠርቷል፤ ምእመኑም ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር የጠባዩን መልካምነት የሚመሰክር ወረቀት ከነበረበት ማኅበር ይዞ መሄድ ይገባው ነበር። በደል ተገኘ በተባለ ጊዜ፣ ምእመኑ ሰባኪው ሊቀ መንበር ሆኖ በተቀመጠበት በማኅበሩ ፊት ይመረመራል፤ ሰባኪው ግን ቢያንስ ሦስት አገልጋዮች ከመረመሩት በኋላ፣ አባላቱ ሁሉ ሰባክያን ለሆኑበት ለዓመታዊው ጉባኤ ይቀርባል። የ1808ቱ ጠቅላላ ጉባኤም የሰባኪውንም ሆነ የምእመኑን የመመርመርና ይግባኝ የማለት መብት፣ ጠቅላላ ጉባኤው ብቻውን ሊሽረው በማይችል ድንጋጌ አጸና። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም በየመንደሩ ሐሜት የሰው ስም በሚጠፋበት ዘመን፣ ሳይመረመር ማንም እንዳይፈረድበት መደንገጉ የጥበበኞች ሥራ ነው። ጉድለቱ የነበረው ከድንጋጌው ቃል ላይ ሳይሆን በዳኝነት ወንበሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ላይ ነበር።

ይህም በሎዌል ከተማ ታየ። አቨሪ በ1830 ዓ.ም. ለዚያች የፋብሪካ ከተማ ሰባኪ ሆኖ ሲሾም ሣራ ከማኅበሩ ምእመናን አንዷ ነበረች፤ በዝሙትና በሐሰት ተከሳ፣ በእርሱ እረኝነት ዘመን ከማኅበሩ ተለየች። ኃጢአቷን እየተናዘዘች፣ ይቅርታም እየለመነች የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በእርሱ እጅ ቀሩ፤ እርሱም በሌላ ሥፍራ የሚያገለግሉ ሰባክያን እንዳይቀበሏት የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላከ። ሥራ ፍለጋ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ የምትዞር ሴት፣ እግሯ ከመድረሱ በፊት ነውሯ በፖስታ ይደርስ ነበር ማለት ነው። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፦ ሰባኪው በየሁለት ዓመቱ አዲስ አገርና አዲስ ሕዝብ ሲሰጠው፣ ሸማኔዋ ግን አሮጌ መዝገቧን ተሸክማ ትዞራለች። ንስሐ የገባችበትን ወረቀት ለማስመለስ መቃተቷ እንግዲህ ምን ይደንቃል? ሣራ ለእኅቷ ባል እንደ ነገረችው፣ በኦገስት 1832 ዓ.ም. በኮኔቲከት ግዛት በቶምሰን፣ ሜቶዲስቶች በዱር ድንኳን ተክለው ሌትና ቀን በሚጸልዩበት ጉባኤ ላይ ከአቨሪ ጋር የተገናኘችው ስለነዚሁ ደብዳቤዎች ሲሆን፣ የፀነሰችውም ከዚያ ግንኙነት ነው። ቃሏ እውነት ይሁን ሐሰት ልቡናን የሚመረምር አምላክ ያውቃል፤ ነገር ግን የምእመኗን ኑዛዜ የያዘው፣ የፈረደባት፣ ይቅርታዋንም ሊሰጥ ወይም ሊከለክል የሚችለው አንድ ሰው መሆኑ ሐሰት አይደለም።

በኒውፖርት ችሎትም ያ የሎዌል ነውር እንደገና ተነሣ፤ የተከሳሹ ወገን የሟቿን ጠባይ ለማጠልሸት ከዚያ ከተማ ምስክር በምስክር ላይ አመጣ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ነፍሷ መዳን ብላ የሰጠችው ተግሣጽ ለሰባኪው መከላከያ ጋሻ ሆነ። ቀድሞ ሬሳዋን ሊቀብር የነበረው የፎል ሪቨር የሜቶዲስት ማኅበር ያለፈ ታሪኳን ሲሰማ እጁን ሰበሰበ፤ በመቃብሯ ላይ የጸለየው የሌላ ማኅበር፣ የኮንግሬጌሽናሎች ቄስ ነው።

ለእውነት ሲባል፣ አቨሪን በመቃወም የቆሙትም ያለ ጥቅም የቆሙ አልነበሩም። የፎል ሪቨር ባለ ፋብሪካዎች፣ ገበሬዎች ሴቶች ልጆቻቸውን ሳይሠጉ ወደ ማሽኑ ቤት እንዲልኩ ይፈልጉ ነበርና፣ ጥፋቱ ከፋብሪካው ሳይሆን ከድንኳኑ ጉባኤ መጣ መባሉ ይመቻቸው ነበር፤ ሜቶዲስቶችም በነባሮቹ ማኅበራት ዘንድ የተናቁ አዲስ መጦች ስለ ነበሩ፣ አንድ ሰባኪ ቢወድቅ ቤቱ ሁሉ የሚወድቅ መሰላቸው። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ገንዘብ አዋጥተው ለአቨሪ ጠበቃ መግዛታቸውንም አልነቅፍም፤ ወንድም ለወንድሙ ይቆማልና። የምነቅፈው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው።

ችሎቱ በተፈታበት በዚያው ጁን ወር የኒው ኢንግላንድ ዓመታዊ ጉባኤ በቦስተን ተሰበሰበ፤ የዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረው፣ በትምህርቱና በቅድስናው የተከበረው ዊልበር ፊስክ የመራው ኮሚቴም ጉዳዩን መርምሮ አቨሪ ንጹሕ ነው ሲል ዘገበ። ፊስክን በሐሰተኛነት የሚከስ ማንም የለም፤ እኔም አልከሰውም። ነገር ግን ለአንዱ ወገን ገንዘብ ያዋጣ፣ ምስክር የሰበሰበ፣ ስለ ድል የጸለየ ማኅበር፣ ወዲያውኑ ካባውን ለውጦ ፈራጅ ልሁን ቢል፣ አባላቱ መላእክት እንኳ ቢሆኑ ፍርዳቸውን ማን ያምናል? ጉባኤው ከሌላ ማኅበር የተመረጡ፣ በሃይማኖት ክርክሩም በፋብሪካውም ጥቅም የሌላቸው ሽማግሌዎችን ጠርቶ የሎዌልን መዝገብ፣ የደብዳቤዎቹን ነገር፣ የቶምሰኑን ግንኙነት በፊታቸው ሊዘረጋ ይችል ነበር። ሰባኪን የሚመረምር ማናቸውም ማኅበር፣ በዚያ ዘመንም ሆነ በዛሬው፣ ቢያንስ የመርማሪዎቹን እኩሌታ ከቤቱ ውጭ ይፈልግ ዘንድ ይገባዋል ብዬ የማምነው ስለዚህ ነው። ደግሞም የእረኛውን ነገር ሲመረምሩ፣ ያው እረኛ በምእመናን ላይ የፈረደውን ፍርድ አብሮ መመርመር ይገባ ነበር፤ የሣራ መለየት በቅን ተፈርዶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ይግባኝ በሕይወቷም ሆነ ከሞተች በኋላ አልተከፈተላትም።

የሚያሳዝነው፣ አቨሪ በእርግጥ ንጹሕ ከነበረ፣ ከዚህ ጥድፊያ የተጎዳው እርሱው ራሱ መሆኑ ነው። ወንድሞቹ የሰጡትን የንጽሕና ምስክርነት ከወንድሞቹ በቀር ማንም አልተቀበለውም፤ ሕዝቡ ምስሉን እየሠራ በአደባባይ አቃጠለ፤ ደራሲው ናትናኤል ሆውቶርን በ1838 ዓ.ም. በሴለም ከተማ በታየ የሰም ምስሎች ትርኢት የአቨሪንና የሣራን ምስል ከነፍሰ ገዳዮች ምስል ጋር ተደርድሮ እንዳየ በማስታወሻው ጽፏል። በጉባኤ ንጹሕ የተባለ ሰባኪ በአደባባይ የሚሰማው አጥቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገልግሎቱን ተወ፤ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ኦሃዮ ተሰደደ፤ በዚያም በእርሻ ሥራ ኖሮ በ1869 ዓ.ም. ሞተ።