በሆዳችን ውስጥ ስላለው የደም ጎዳና፤ ይህንንም ማወቅ ለወላድ እናት ስለሚሰጠው ጥቅም

ሰው የርስቱን ወሰን፣ የቤቱን ማዕዘን፣ የጎተራውን ገቢና ወጪ ጠንቅቆ እያወቀ በገዛ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሆድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እንጀራ የሚገባበትን፣ ቂም የሚቋጠርበትን፣ ምሥጢር የሚደበቅበትን ስፍራ ነው። ዳሩ ግን ሆድ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ታላቅ የደም ወንዝ የሚወርድበት አገር ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለዚሁ ወንዝና ከእርሱ ስለሚወጡት ቦዮች ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ያህል እንጽፋለን። ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስከ ፍጻሜው እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ መጨረሻው የእያንዳንዳችንን ቤት የሚነካ ነውና።

በጥንት ዘመን ጋሌኖስ የተባለው የግሪክ ሐኪም ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ ይሠራል፤ ከዚያም ወደ ብልቶች ሁሉ ሄዶ እዚያው ያልቃል ብሎ አስተማረ። ይህም ትምህርት 1,400 ዓመት ያህል ጸንቶ ኖረ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1628 ዓመት ግን ዊልያም ሃርቪ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም መጽሐፉን አሳተመ። ሃርቪ ያደረገው መልካም መዝገብ ያዥ የሚያደርገውን ነው፤ ይኸውም ልብ በአንድ ምት የሚሰደውን ደም ገመተ፤ የምቱን ብዛት ቆጠረ፤ ገቢውንና ወጪውን አስተያየ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከልብ የሚወጣው ደም በመላው ሰውነት ካለው ደም የሚበልጥ ሆኖ አገኘው። ያን ያህል ደም በየጊዜው ከምግብ ሊሠራ ስለማይችል፤ ደም ዞሮ ዞሮ ወደ ልብ የሚመለስ ነው ብሎ ፈረደ። ፍርዱም እውነት ሆነ። በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት አምስት ሊትር ያህል ደም አለ፤ ልብም ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ይሰዳል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ደም በአንድ ደቂቃ ያህል ዙሩን ይጨርሳል ማለት ነው።

ከልብ ወጥቶ ደም የሚያደርሰው ሥር ደም ቅዳ፤ ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ደግሞ ደም መልስ ይባላል። የደም ቅዳዎች ሁሉ አባት የሆነው አኦርታ የሚባለው ሥር ነው። ይህ ሥር ከልብ በግራ በኩል ካለው ክፍል ተነሥቶ እንደ ከዘራ እጀታ ይቆለመማል፤ ከዚያ በኋላ የጀርባን አጥንት ተደግፎ ቁልቁል ይወርዳል። ደረትንና ሆድን የሚለየውን የሥጋ መጋረጃ በ12ኛው የጀርባ አጥንት አንጻር አልፎ ወደ ሆድ ይገባል። በሆድ ውስጥ ወርዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከፊቱ ጨጓራና አንጀት፤ ከኋላው የአከርካሪ አጥንት ስላሉ በሁለት ቅጥር መካከል እንዳለ ንብረት ተጠብቆ ይኖራል። ከሲታ ሰው በጀርባው ተኝቶ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ በእጁ በዝግታ ቢጫን የዚህን ሥር ምት ያገኘዋል። ከኋላው አጥንት መኖሩን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ታች ስንደርስ ያስፈልገናልና።

አኦርታ በሆድ ውስጥ ሲወርድ ከፊቱ በኩል ሦስት መንታ የሌላቸው ቦዮችን ይሰዳል። የመጀመሪያው ገና ከመጋረጃው እንዳለፈ ይወጣና በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ለጨጓራ፣ አንዱ ለጉበት፣ አንዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ለጣፊያ ይሄዳል፤ ቆሽትም ድርሻውን ከእነዚሁ ይቀበላል። የጉበት ነገር ልዩ ነው፤ ከሚደርሰው ደም ሩብ ያህሉ ብቻ በዚህ ቦይ ሲመጣለት የቀረው ሦስት እጅ ከአንጀት በሚመለሰው ደም በኩል ምግብ ተሸክሞ ይመጣለታል። ስለዚህ ጋሌኖስ ጉበትን የደም መፍለቂያ ብሎ ቢሳሳትም፤ ከምግብ የሚገኘው ሲሳይ አስቀድሞ በጉበት በር የሚያልፍ መሆኑን መገመቱ ከንቱ አልነበረም።

ስለ ጣፊያ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። በቆላ አገር ወባ የደጋገመው ሰው ጣፊያው ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያም በጥቂት ምት ይቀደዳል። የሚቀበለው ቦይ ወፍራም ስለ ሆነ ደሙ በሆድ ውስጥ ሲፈስ ከውጭ ምንም ቁስል ሳይታይ ሰው ሊሞት ይችላል። ከግራ ጎኑ በታች ተመትቶ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ከዚያ በኋላ ፊቱ የገረጣ፣ ላብ ያጠመቀው፣ ሆዱ የተነፋ ሰው ቢኖር «ደም አልወጣውም» ተብሎ አይተኛም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ሁለተኛው ቦይ ለቀጭኑ አንጀት ለአብዛኛው ክፍልና ለወፍራሙ አንጀት ለቀኙ ክፍል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለወፍራሙ አንጀት ለግራው ክፍል ደም ያደርሳሉ። በሬ ሲታረድ ያየ ሰው አንጀትን ይዞ እንደ መጋረጃ የሚዘረጋውን ስስ ሽፋን ያውቃል። ሞራ ገላጮች በሞራ ላይ ተመልክተው ስለ ዝናብና ስለ ጦርነት የሚናገሩባቸው መስመሮችም የደም ሥሮች ናቸው። ስለሚመጣው ዘመን የሚነግሩት ነገር ባይኖርም ስለ ሥርዓት ግን ያስተምራሉ፤ በአንጀት አጠገብ ያሉት ሥሮች እርስ በርሳቸው እየተጋጠሙ እንደ ቀስተ ደመና ቅስት ይሠራሉና፤ አንዲቱ ትንሽ መንገድ ብትዘጋ ደም በጎረቤቲቱ ዞሮ ይደርሳል።

ከአኦርታ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው የሚወጡ ሥሮች አሉ። ከእነርሱ የሚበልጡት ወደ ኩላሊቶች የሚሄዱት ናቸው። ሁለቱ ኩላሊቶች ከአንድ ሰው ክብደት ከ100 አንድ እጅ እንኳ ሳይሞሉ ልብ ከሚሰደው ደም አምስተኛውን እጅ ያህል ይቀበላሉ፤ ይህም ለምግባቸው ሳይሆን ደሙን ሊያጠሩት ነው። ልብና ኩላሊት በመጻሕፍት አብረው ሲጠሩ ከሕፃንነታችን የሰማን ሁሉ ይህን ስናውቅ እንደነቃለን።

አኦርታ ከእምብርት ጥቂት ዝቅ ብሎ፤ በ4ኛው የወገብ አጥንት አንጻር ሲደርስ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱም ክፍል ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ የውጭው ወደ እግር ይወርዳል፤ የውስጡ በዳሌ አጥንት ውስጥ ላሉት ለፊኛ፣ ለአንጀት መጨረሻና ለማኅፀን ይሆናል። ገና በእናቱ ማኅፀን ላለ ልጅም በእትብቱ ውስጥ ሦስት ሥሮች ይገኛሉ፤ ሁለቱ ከልጁ ወደ እንግዴ ልጅ ደም የሚወስዱ ደም ቅዳዎች፤ አንዱ የሚመልስ ደም መልስ ነው። ሁለቱ ደም ቅዳዎች የሚነሡት ልጁ በዳሌው ውስጥ ካሉት ከእነዚሁ ሥሮች ሲሆን፤ ከተወለደ በኋላ እየተኮማተሩ እንደ ክር ደርቀው ይቀራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማኅፀን ደም የሚያገኘው ከግራና ከቀኝ በሚመጡት በሁለቱ የማኅፀን ሥሮች ነው፤ በላይ በኩልም ከአኦርታ በቀጥታ ወደ ሴት ዘር ፍሬ የሚወርዱት ሥሮች ይገናኙታል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቦይ በማኅፀን ሥር በታች ወንዝ በድልድይ በታች እንደሚያልፍ ሆኖ ስለሚያልፍ፤ በዚህ ስፍራ ቀዶ የሚያክም ሐኪም እጁን እጅግ ይጠነቀቃል። ባልፀነሰች ሴት ወደ ማኅፀን የሚሄደው ደም ጥቂት ነው። ወሯ በገባ ጊዜ ግን በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ወደዚያ ይፈስሳል፤ ልጁ በዚህ ይኖራልና።

ልጅ ተወልዶ እንግዴ ልጅ ሲለቅ ይህን ሁሉ ደም ይቀበሉ የነበሩት ሥሮች አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። በዚያች ሰዓት እናትን የሚያድናት የማኅፀን ሥጋ መጨማደድ ነው፤ ሥሮቹ በሥጋው ክሮች መካከል ስለሚያልፉ ሥጋው ሲጨብጥ እንደ ታሰረ ከረጢት አፍ ይዘጋሉ። ማኅፀኑ ከደከመና ካልጨበጠ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ደም ይፈስሳል፤ በማለዳ ጤነኛ የነበረች ሴት ለቀትር ላትደርስ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 በፈረንጆች አቆጣጠር እንደ ገለጠው በዚህ ምክንያት በየዓመቱ 70,000 ያህል እናቶች ይሞቱ ነበር። በአገራችንም በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር በተደረገው ምርመራ ከ100 ወላዶች በጤና ድርጅት የወለዱት 48ቱ ብቻ ነበሩ።

መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። አዋላጂቱ ማኅፀኑን በሆድ ላይ ታሻለች፤ ፊኛ እንዲጎድል ታደርጋለች፤ ማኅፀንን የሚያስጨብጠውን ኦክሲቶሲን ትወጋለች፤ ሕፃኑም ጡት ሲይዝ የእናቲቱ ሰውነት ይህንኑ ያመነጫል። ደሙ አልቆም ካለ የተማረ ሰው ጡጫውን ከእምብርት በላይ ጥቂት ወደ ግራ አድርጎ አኦርታን በጀርባ አጥንት ላይ ይጫናል፤ በብሽሽት ያለው ምት ከጠፋ መጫኑ ልክ ነው፤ በዚህም ሁኔታ ወደ ሐኪም ቤት እስክትደርስ ጊዜ ይገኛል። አስቀድመን አጥንቱን አንባቢ እንዲይዝልን የለመንነው ስለዚህ ነበር።

ዐይንም የፈሰሰውን ደም አሳንሶ ይገምታል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛንያ በ80 ሐኪም ቤቶች ከ200,000 የሚበልጡ እናቶች የታዩበት ምርመራ ውጤቱ በ2023 ታተመ። ከወላዷ በታች ልክ የተጻፈበት መቀበያ ተነጥፎ ደሙ ሲለካና ሕክምናው ሁሉ በአንድነት ሲሰጥ፤ ብርቱ መድማት፣ በመድማት ምክንያት ሆድን መቅደድ፣ ወይም በመድማት መሞት የደረሰባቸው እናቶች በቀድሞው ልማድ ከ1,000 ወላዶች 43 ሲሆኑ በአዲሱ ሥርዓት 16 ሆነው ተገኙ። ሃርቪ ደምን በመለካት እውነትን እንዳገኘ፤ ዛሬም ደምን የለካ ሰው እናትን ያተርፋል።

እንግዲህ የቤት አባት የሆነ ሁሉ የባለቤቱ ወር ሳይገባ የምትወልድበትን ጤና ድርጅት፣ የምትሄድበትን መኪና፣ ደም የሚሰጣትን ዘመድ ያዘጋጅ፤ ምጥ ከመጣ በኋላ መመካከር ጊዜን ማባከን ነው። በአገር አስተዳደር ላይ የተሾሙትም ይህን ያስቡ፤ ኦክሲቶሲን በሙቀት ስለሚበላሽ በቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ወላድን አይረዳም፤ ስለዚህ በወረዳው ጤና ጣቢያ ያለው ማቀዝቀዣ መሥራቱን፣ መንገዱም በክረምት መኪና ማሳለፉን መመርመር የሹም ሥራ ነው። የአባት ደስታና የቤት ኀዘን በአንዲት ሰዓት እንዳይገናኙ፤ ከሰዓቲቱ በፊት የነቃ ሰው ቤቱን ይጠብቃል።