ጸበሉም፣ ክኒኑም

«እምነት ካለህ መድኃኒቱን ጣለው!» የሚል ሰባኪ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለመሆኑ ይህን ከየት አመጣው? ንጉሥ ሕዝቅያስ ሲታመም ነቢዩ ኢሳይያስ ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ሙት ያስነሣው ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሆድ ሕመም ጥቂት ወይን ነው የመከረው፤ ባልንጀራው ሉቃስም ሐኪም ነበር። እምነት ጎድሏቸው ይሆን? የሐዋርያው ሞክሼ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ጸበሉን አላራከሱም፤ ለምእመኑ ሕይወት ተጨነቁ እንጂ። ሐሰተኛው መምህር ግን በሽተኛው ሲሞትበት «እምነት ጎድሎት ነው» ብሎ ሬሳ ይከስሳል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሰባኪን በጩኸቱና በእልልታው ብዛት አትመዝኑት። ክኒኑን ያስጣለው ምእመን ሲሞት ለቅሶ ይደርሳል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ።