ስለ ዳሌ አጥንት መሞትና በሰው ብልሃት ስለሚተካው ዳሌ

«ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ ለብዙ ነገር የሚያገለግል ነው፤ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍበት ላሰብነው ደዌ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። ይኸውም የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ በሕያው ሰው ውስጥ የሚሞትበት ደዌ ነው።

የጭን አጥንት ከላይኛው ጫፉ እንደ ኳስ ድብልብል ሆኖ፥ ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚዞር በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። ይህን ራስ የሚመግቡት የደም ሥሮች ጥቂትና ቀጭን ናቸው፤ የሚበዙትም የአጥንቱን አንገት ታክከው ያልፋሉ። ስለዚህ ሰው ወድቆ አንገቱ የተሰበረ ወይም ራሱ ከጎድጓዳው የወለቀ እንደ ሆነ፥ ሥሮቹ ይበጠሳሉ ወይም ይታነቃሉ። ደም ያጣውም አጥንት በዚያው ቀን አይፈርስም። ውሃ እንደ ተቋረጠበት ተክል ለጊዜው ቆሞ ይታያል፤ በኋላ ግን የሰውነት ክብደት ሲጫነው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይደረመሳል።

ደዌው ሳይወድቁም ይመጣል። ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት በብዙ መጠን ለረጅም ጊዜ መውሰድ፥ መጠጥ ማብዛት፥ አንዳንድ የደም በሽታም ያመጡታል። የሚይዘውም ሽማግሌዎችን ብቻ አይደለም፤ ከ30 እስከ 50 ዓመት ያሉትን፥ ማለት አርሰውና ሠርተው ቤት የሚያስተዳድሩትን ጭምር ነው እንጂ።

አሁን ነገራችንን ወደ ምዕራብ ሸዋ እናምጣ። አምቦ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ፍል ውሃዋንም ፈልገው ከጊንጪ፥ ከጉደር፥ ከጌዶና ከአዲስ አበባም ሳይቀር መገጣጠሚያቸውን የታመሙ ሰዎች ይመጣሉ። ሙቅ ውሃ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፥ ሕመምንም ያስታግሣል፤ ስለዚህ አንነቅፈውም። ነገር ግን ደም ወዳጣ አጥንት ደም አይመልስም። ታማሚውም ሕመሙ ቀለል ስላለለት ብቻ የዳነ መስሎት ወራቱን ሲያሳልፍ፥ አጥንቱ በስውር ይፈርሳል።

ወጌሾቻችንንም አናቃልልም፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የሕዝብ መጠጊያ ነበሩና። ሆኖም በቆዳ ላይ የሚሄድ እጅ በጥልቅ ያለውን የደም ሥር ሊያይ አይችልም። ከፈረስ ወይም ከባጃጅ የወደቀ ሰው ዳሌው ወልቆ እንደ ሆነ ሐኪሞች በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው እንዲመለስ አጥብቀው ይመክራሉ፤ ጊዜው በረዘመ ቍጥር አጥንቱ የመሞት አደጋው ይበዛልና። በአምቦ ከተማ ሆስፒታል አለ፤ ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ ያለውም መንገድ ከ110 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። እንግዲህ 6 ሰዓት ወዲያው ለቈረጠ ቤተ ሰብ ይበቃል፤ በማሸትና በመመካከር ለሚያመሽ ቤተ ሰብ ግን አይበቃም።

የደዌው ምልክት እንዲህ ነው። ብሽሽት ያማል፤ አንዳንድ ጊዜም ዳሌው ታሞ ሳለ ሕመሙ በጕልበት ላይ ይሰማል። ታማሚው ያነክሳል፥ እግሩን ማጠፍና ማነባበር ይሳነዋል። በመጀመሪያ ጊዜ የራጅ ሥዕል ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ግን ቀድሞ ይገልጠዋል። ራሱ ሳይደረመስ የደረሱበት እንደ ሆነ፥ ሐኪሞች አጥንቱን በስተው ውስጡ የታመቀውን ግፊት በማቅለል ሊያተርፉት ይሞክራሉ። ከተደረመሰ በኋላ ግን መድኃኒቱ ዳሌውን መተካት ነው።

ይህ ጥበብ ብዙ የተደከመበት ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1891 ግሉክ የተባለ የጀርመን ሐኪም የአጥንቱን ራስ በዝሆን ጥርስ ለመተካት ሞክሮ ነበር። ዛሬ ለሚሠራበት መሠረት የሆነውን ዳሌ ግን እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1962 አቆመ፤ ከብረት የተሠራ ትንሽ ራስ በፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ እንዲዞር አደረገ። በአገራችንም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። የሞተው ራስ ተቈርጦ ይወጣል፤ በጭን አጥንት ውስጥ የብረት ዘንግ፥ በጎድጓዳውም ውስጥ ጽዋ ይተከላል። ታማሚውም ብዙ ጊዜ በማግስቱ በምርኩዝ ይቆማል።

ይሁን እንጂ ሰው የሠራው ሁሉ ያልቃል። በ2019 ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት እንደ ታተመው፥ ከ100 የተተኩ ዳሌዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። ስለዚህ በ30 ዓመቱ የተተካለት ሰው ሌላ ጊዜ ደግሞ መታከም ሊያስፈልገው ይችላል። የቍስል መመርቀዝ፥ የደም መርጋትና የዳሌው መውለቅም የሚያሠጉ ነገሮች ናቸውና፥ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር በግልጥ መነጋገር ይገባል።

ታማሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ የቤቱ እመቤት ሥራ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይሰናዳለት፤ ቁጢጥ እንዳይል ለመጸዳጃውም ከፍ ያለ መቀመጫ ይበጅለት። እግሩን አያነባብር። ለመስገድም ሆነ ፈረስ ለመቀመጥ የሐኪሙን ፈቃድ ይጠብቅ። ቍስሉ ቢቀላ ወይም ፈሳሽ ቢያወጣ፥ ባቱም ቢያብጥ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይመለስ።

በየወረዳው በሹመት ያላችሁና መኪና ያላችሁ አንባቢያን ሆይ፤ ጎረቤታችሁ ወድቆ እግሩን ማንሣት ያቃተው እንደ ሆነ፥ ከገንዘባችሁ አስቀድማችሁ መኪናችሁን ስጡት። ለዳሌ መተኪያ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ለአንድ ቀን መንገድ የሚወጣው ነዳጅ ግን ጥቂት ነው። በዚያች ቀን የተፋጠነ ሰው በራሱ አጥንት ቆሞ ሊያርስ ይችላል፤ የዘገየ ግን ዕድል ቢያገኝ በብረት ይቆማል፥ ዕድል ቢያጣም በምርኩዝ ይቀራል።